የእናቴ ከዘራና ያላቀረበችው አቤቱታ

ለክቡር የአካባቢያችን የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የተቀመጡበት ወንበርም በመልካም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የጽሕፈት ቤትዎን ሥራ በአድናቆት ከመከታተል በስተቀር ምንም አልሆንኩም። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፤ እርሱም የመጣው ከቢሮዎ ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እርስዎን ስጠብቅ ስለሆነ እንደ መታሰቢያ ይዤዋለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዳይሬክተሮች ስላለፉብኝ፣ ማንም ያላየውን ጉዳይ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብሎ መጻፍን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንደ ሥራ ባልደረባ ቢቆጥሩኝ ቅር አይለኝም። የምኖረው ከእናቴ ጋር፣ ከአንድ አናጢ የእንጨት ሥራ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። አናጢው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋዙን አጥፍቶ፣ ሰጋቱራውን ጠራርጎ፣ ጅምር ቁምሳጥኖቹን ወደ ግድግዳ ገፍቶ ቤቱን የራሳቸውን ዘፈን ለሚጽፉ ሙዚቀኞችና ለዘመናዊ ዳንሰኞች ይለቃል። ታዳሚውም ገና ባልተሸጡ አልጋዎች ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ያያል። ይህ ቤት በጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ ከታሸገ ወዲህ ቅዳሜያችን እንደ ማክሰኞ ሆኗል፤ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ግን፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ዝግጅቱን እንዲገመግም የላኩት ባለሙያ ከአጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ቢጠይቅ ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ይነገረው የነበረውን ላስረዳ። እናቴ ከታመመች ወዲህ ድንገተኛ ድምፅ አይስማማትም። ሙዚቃ ምንም አይላትም፤ ከበሮ እንኳ «እየመጣሁ ነው» ብሎ ስለሚመጣ አያስደነግጣትም። ጭብጨባ ግን በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሳይታሰብ ይመጣባታል፤ ያን ጊዜ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ በእጇ ያለው ብርጭቆ ይወድቃል፣ ቀኑን ሙሉም ወደ ራሷ አትመለስም። አናጢው ይህን እንደ ሰማ አንድ ቅዳሜ በታዳሚው ፊት ቆሞ፣ ላይ ቤት እናታችን አሉና ደስ ሲላችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አንሥታችሁ ጣቶቻችሁን አወዛውዙ፣ እባካችሁ አታጨብጭቡ ብሎ ለመነ። ታዳሚውም እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አጨብጭቦ የሚያውቅ የለም፤ አዲስ መጥቶ የተሳሳተ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ እጁን በአየር ላይ ይይዝለታል።

እናቴም በበኩሏ ዝም ብላ ተቀባይ አልሆነችም። የቤታችን ወለል ጣውላ በመሆኑ አልጋዋን ከመድረኩ በላይ ባለው ቦታ አስጠግታ ታዳምጣለች፤ ዘፈኑ ልቧ ሲገባም በከዘራዋ ወለሉን ትመታለች። ከሙዚቀኞቹ አንዷ የሆነችው ዘፋኝ በሌሎቹ ቀናት በጥርስ ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የማይዘፍን ሰው ስታይ ትውላለች፤ ታዲያ ቅዳሜ አዲስ ዘፈን በጨረሰች ቁጥር አንገቷን ቀና አድርጋ ጣራውን ታያለች። ከዘራው ከወረደ ፊቷ ይበራል። ካልወረደ ዘፈኑን እንደገና ልትሠራው ወደ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች። እንግዲህ የእርስዎ ባለሙያ የገባው እንዲህ ባለ ቤት ነበር።

አንደኛ፦ ስለ ባለሙያዎ ሪፖርት ላመሰግን እወዳለሁ። ቤቱን ሊያሽጉ የመጡት ሠራተኛዎ ከደጃፉ ላይ ቆመው ጮክ ብለው ስላነበቡልን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ዝግጅቱ ሲጠናቀቅ አንድም ታዳሚ ያላጨበጨበ በመሆኑ በሕዝብ ዘንድ ተቀባይነት እንደሌለው ተረጋግጧል» ይላል። ቀጥሎም «ታዳሚው በተደጋጋሚ ሁለት እጁን እያወጣ አስተያየት ለመስጠት ቢጠይቅም ከመድረኩ ዕድል ተነፍጎታል» ይላል። በመጨረሻም «የላይኛው ፎቅ ነዋሪ በጩኸቱ ተማርረው ወለሉን በዱላ በመደብደብ ተቃውሟቸውን ሲገልጹ በጆሯችን ሰምተናል» ሲል ይደመድማል። ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የደስታ ምልክቶችን ሁሉ አንድም ሳይቀረው አይቶ፣ አንድም ሳይቀረው መገልበጡ ትልቅ ተሰጥኦ ነው። ይህ ሰው ሠርግ ቢላክ ሙሽራይቱ በኃይል ተይዛ እየተወሰደች ነው ብሎ ፖሊስ እንደሚጠራ አልጠራጠርም። በዚህ ላይ አናጢው እንግዳ ነው ብሎ ያስቀመጠው ካለው አልጋ ሁሉ በተሻለው፣ ፍራሽ ባለው ላይ ነበር።

ጭብጨባን በተመለከተ የጽሕፈት ቤትዎን ልምድ አልዘነጋሁም። በእርስዎ ትልቅ አዳራሽ በተዘጋጀ አንድ መርሐ ግብር ላይ ተገኝቼ ነበር። የመድረክ መሪው «ሞቅ ባለ ጭብጨባ!» እያለ ስላዘዘን፣ ለንግግሩም፣ ንግግሩን ላስተዋወቀው ንግግርም፣ ይሠራ እንደሆነ ለተሞከረው ማይክሮፎንም አጨብጭበናል። ሙዚቀኞቹ ተራ ሲደርሳቸው ጊዜ አልቆ ነበር፤ ለእነርሱም ስላልተጫወቱት አጨበጨብንላቸው። ተቀባይነት ማለት ይህ ከሆነ የአናጢው ቤት በእርግጥ የለውም።

ሁለተኛ፦ ዳንሰኛውን ይመለከታል። በሳምንቱ ቀናት የሰው ቤት ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ በጸጥታ ስለሆነ «ዝምታው» ብለን የምንጠራው ወጣት ነው። የዚያን ቀን ያቀረበው ሥራ የሚደወልለትን ስልክ ሲጠብቅ ስላረጀው አባቱ ነበር። ከእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ እጁ ብቻ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ባለሙያዎ ይህን «ዳንሰኛው ያለ በቂ ምክንያት ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሲሆን፣ ወንበሩም ድምፅ የሚያሰማ በመሆኑ በፕላስቲክ ወንበር ቢተካ» ሲል ገምግሞታል። ያለ በቂ ምክንያት ለረጅም ጊዜ መቀመጥን በተመለከተ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር የምከራከርበት ዕውቀት የለኝም። ስለ ወንበሩ ግን የምናገረው አለኝ። ሙዚቃ ስላልነበረ እናቴ ምንም የማይደርሳት መስሎኝ ከአጠገቧ ተቀምጬ፣ ወለሉ ላይ ባለች ቀዳዳ እያየሁ በሹክሹክታ እተርክላት ነበር። ዝም በዪ አለችኝ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ትሰማዋለች። ሰውየው ሊነሣ እንደፈለገና እንደተወው ከወንበሩ ድምፅ አወቀችው፣ እኔ ከማየቴ በፊት አለቀሰች፣ በከዘራዋም ወለሉን የመታችው ያን ጊዜ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች፤ ሪፖርት ግን እንደሚነቅዝ ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ሦስተኛ፦ ሙዚቀኞቹ «ሕዝቡ የማያውቃቸውን ዘፈኖች» ማቅረባቸው እንደ ጥፋት ተመዝግቧል። ዘፋኟ ስለሚያጉረመርመው የአክስቷ ፍሪጅና፣ ታክሲ ስትጠብቅ ጃንጥላ ስላጋራት የማታውቀው ሰው መዝፈኗ እውነት ነው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ዘፈኖች ሁሉ ከመዘፈናቸው በፊት እንዴት ይታወቁ እንደነበር ጽሕፈት ቤትዎ ጥናት ቢያደርግልን እናመሰግናለን።

አራተኛውን ትቼዋለሁ፤ ስለ መጸዳጃ ቤታችሁ ስለሆነ በግልጽ ደብዳቤ የሚነገር አይደለም።

አምስተኛ፦ የመዝጊያው ምክንያት ሆኖ የተጻፈው «ከላይኛው ፎቅ ነዋሪ በቀረበ አቤቱታ» የሚለው ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ያልተጻፈ አቤቱታ ተቀብሎ ውሳኔ የሰጠ መሥሪያ ቤት ግን የመጀመሪያዬ ነው። የተጻፈውን አቤቱታ የምታስተናግዱበትን ፍጥነት ስለማውቅ አድናቆቴ እጥፍ ሆኗል። ስህተቱን ለማስረዳት ቢሮዎ ብመጣ «ሕዝብን ማዳመጥ» በሚል ርእስ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ሊያዳምጡኝ አልቻሉም። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛም፣ እርሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው፣ በጣም አዝነው መፍትሔውን ነገሩኝ፤ አቤቱታ አቅራቢዋ በአካል ቀርበው አቤቱታቸውን ማንሣት አለባቸው። አላቀረበችም እኮ ብላቸው፣ ካላቀረቡማ ማንሣቱ ይቀልላቸዋል አሉኝ። ቢሮዎ የሚገኘው ከላይኛው ፎቅ ነው፤ በሊፍቱ በር ላይ የተለጠፈው «ለጊዜው አይሠራም» የሚለው ማስታወቂያም ፊደሉ እስኪደበዝዝ አርጅቷል። እናቴ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ለመድረስ ግድግዳ ይዛ የምትሄድ ሴት ናት። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነውና «ያላቀረብኩትን አቤቱታ ስለማንሣት» የሚል ማመልከቻ አዘጋጅቼ ነበር፤ ርእሱን ስጽፍ ሳቄ ስለመጣ መጨረስ አልቻልኩም።

ስድስተኛው ላይ ግን ሳቄ የለም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ያ የመዝጊያ ትእዛዝ ከነምክንያቱ በአናጢው በር ላይ ተለጥፏል። የሚያልፈው ሁሉ ያነበዋል፤ ባለ ሱቋም አንብባ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ እኔን ጠርታ፣ እኔ ነኝ ወይ ልጆቹን ያስባረርኳቸው ብላ ጠየቀችኝ። አይደለሽም አልኳት። በማኅተም ተጽፎ እንዴት አይደለሽም ትዪኛለሽ አለችኝ። የመንግሥት ማኅተም አይዋሽም ብላ የምታምን የአሮጌው ዘመን ሰው ናት፤ እርስዎ ካሉዎት ባለጉዳዮች ሁሉ ምናልባት የቀረችልዎ የመጨረሻዋ አማኝ እርሷ ነበረች። በማግሥቱ ከዘራዋን አጣሁት። ብፈልገው ከቁምሳጥኑ ጀርባ ወርውራዋለች። ስመታበት ተቃውሞ መስሎ ልጆቹን ያስባረራቸው እርሱ ነውና ሁለተኛ በእጄ አልይዘውም አለች። ቅዳሜ ሲደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። በጨዋ ቋንቋ እየጻፍኩ ያለሁት በልማድ እንጂ አንጀቴ እያረረ ነው። አንዲት ታማሚ በዚህ ዓለም የቀራትን አንድ ደስታ ወስዳችሁ በራሷ ስም ፈረማችሁበት።

የምለምንዎ እንግዲህ አንድ ነገር ነው። ቤቱን መክፈት ጥናት፣ ኮሚቴና የኮሚቴ ጥናት የሚፈልግ ከሆነ ይቆይ፤ አናጢው ታጋሽ ነው፣ እንጨት እስኪደርቅ መጠበቅ የለመደ ሰው ነው። ያቺን ስለ ላይኛው ፎቅ ነዋሪ የምትናገረውን አንዲት መስመር ግን ከበሩ ላይ አንሡልን። ለእርስዎ አንድ መስመር ናት። ለእናቴ ግን ስሟ ናት።

እስከዚያው ሥራ እንዳንፈታ አንድ ዘዴ አግኝተናል፤ ከእርስዎ የሚደበቅ የለምና ልንገርዎ። የታመመ ሰው መጠየቅ በየትኛውም ደንብ ፈቃድ እንደማያስፈልገው አንብበን አረጋግጠናል። ባለፈው ቅዳሜ ዘፋኟ ጊታሯን ይዛ እናቴን ልትጠይቅ መጣች። ዝምታውም ያቺን ወንበር ተሸክሞ ሊጠይቅ መጣ። አናጢውና ታዳሚው ሁሉ ሊጠይቁ መጥተው ቤቱ ቢጠብባቸው ደረጃው ላይ እስከ ታች ድረስ ተደረደሩ። እናቴ ከግድግዳው ዞር አላለችም። ዘፋኟ ስለ ፍሪጁ የሠራችውን ዘፈን ጨርሳ እንደ ልማዷ ጣራውን አየች፤ ጣራው ላይ ማንም እንደሌለ ትዝ ሲላት ተንበርክካ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ከዘራውን አወጣችና፣ እማማ ዘፈኑ እኮ አላለቀም ብላ በእጇ አስያዘቻት። እናቴ ከግድግዳው ዞር አለች። ከዚያ መታች። ደረጃው ላይ ያለው እጅ ሁሉ አንድም ድምፅ ሳያሰማ ወደ ላይ ወጣ፤ እኔም ከበሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለአርቆ አስተዋይነትዎ፣ እንዲሁም ይህን ደብዳቤ ሳያነቡ ወደሚመለከተው ክፍል ስለሚመሩት ምስጋናዬን በቅድሚያ እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዳይንቋቋ፣ ሊፍትዎም እንዲድን ከሚጸልዩት አንዷ መሆኔን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ያላቀረበችው አቤቱታ ተቀባይነት ያገኘላት እናት ልጅ፣
ከላይኛው ፎቅ

በድጋሚ፦ በሚመጣው ቅዳሜም በሽተኛ ስለምንጠይቅ እርስዎና ባለሙያዎ እንድትገኙልን በአክብሮት ተጋብዛችኋል። ፍራሽ ያለውን አልጋ በሽተኛዋ ስለያዘችው ደረጃው ላይ ቦታ አዘጋጅተንላችኋል። ባለሙያዎ እንዳይሳሳት ብቻ አስቀድመው ቢነግሩልኝ፦ ከዘፈን በኋላ ከዘራ ሲመታ ከሰማ ደስታ ነው። እርስዎ ከበሩ ሲገቡ ሲመታ ከሰማ ግን ያው የጻፈውን ይጻፍ፤ የዚያን ጊዜ ተቃውሞ ነው።