በቁምሽ ያለቀስንልሽ ለቅሶ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ይህን ደብዳቤ አስታማሚሽ ሸዋወርቅ ጮክ ብላ ታነብልሻለች። አደራ፣ ጆሮሽን በሻርፕሽ እንዳትሸፍኚ። ነገ የምትረሺው ቢሆንም ልንገርሽ፤ የበደልኩሽ እኔ ነኝና።

ቢሾፍቱ አረጋውያን ቤት ያስገባሁሽ ቀን ለአዳማ ጎረቤት ሁሉ "ኮምቦልቻ፣ እህቷ ጋ ሄደች" አልኩ። ሱቅ ስውል በር እየቆለፍኩብሽ፣ አንቺም መስኮቱን እየደበደብሽ "የሰው ያለህ!" ስትዪ ይሰሙ ነበር። ሆኖም "ወላጅ እናቷን ጣለች" መባልን ከሞት በላይ ፈራሁት። ውሸቴ ስምንት ወር ሙሉ በሰላም ኖረ።

ባለፈው ሰኞ ከአንቺ ዘንድ ተመልሼ ጨርቅ መሸጫዬ ውስጥ ሳለቅስ ጎረቤታችን በድሪያ ደረሰች። "ምነው ኑሰይባ? እናትሽ ናቸው?" አለችኝ። የዚያን ቀን ስሜ ጠፍቶሽ "አንቺ ሴትዮ" ብለሽኝ ነበርና ራሴን ነቀነቅኩላት። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!" ብላ ጮኸች፤ የሞትሽ መስሏት። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለለኝ። ስምንት ወር አፍኜ የያዝኩትን ለቅሶ ሰው ሁሉ ሊያለቅስልኝ መጣ።

ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት ድንኳን ተተከለ። ኮምቦልቻ ተቀብራለች ተብሎ መስጂድ ውስጥ ሬሳሽ በሌለበት ተሰገደልሽ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። "ምን አመማቸው?" ሲሉኝ "እርጅና" አልኩ፤ እሱስ ውሸት አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ቢሾፍቱ ስደርስ ሸዋወርቅ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ስልክሽ አይነሳም እንዴ? ከሰኞ ማታ ጀምሮ እኮ እህል አልቀመሱም! 'ለሞተ ሰው ምሳ አይቀርብም' ይሉኛል።"

ገባሁ። በጀርባሽ ተጋድመሽ ፊትሽ በሻርፑ ተሸፍኗል። የእግሮችሽ አውራ ጣቶች እንደ ሬሳ በክር ታስረዋል።

"ማን ነው ያሰራቸው?"

"ራሳቸው" አለች ሸዋወርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሻርፑን ገለጥኩት። ዐይንሽ ጥርት ብሎ ነበር። "ኑሰይባ" አልሽኝ።

"አቤት እማዬ።"

"ሰዉ በዛ አይደል? በድሪያ እኮ ቦታ አጥታ ፀሐይ ላይ ዋለች።"

እውነትሽን ነው፤ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ ውጪ ነበረች። ሸዋወርቅ በድሪያን አታውቃትም። ለቅሶ መቀመጤንም ቢሾፍቱ ለማንም አልተናገርኩም። አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሁሉም አለቀሰልኝ፤ ሰገደልኝ" አልሽ። "ግን ማንም አላጠበኝም። ልጅ የለኝም እንዴ?"

ሸዋወርቅን ለብ ያለ ውሃ ለመንኳት። እንደ ሥርዓቱ ከቀኝሽ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠብኩሽ። አንቺም ዐይንሽን ጨፍነሽ፣ ሳትተነፍሺ የቀረሽ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም ብለሽ ታጠብሽልኝ። በመጨረሻ ክሩን ፈታሁት። ያኔ ዐይንሽን ገልጠሽ "አንቺ ሴትዮ፣ ምሳ የለም እንዴ?" አልሽ። ስሜ ተመልሶ ጠፍቶሽ ነበር። እኔ ግን በደስታ አለቀስኩ።

ትናንት ለበድሪያ፣ ሰው እየሰማ፣ ሱቄ በር ላይ እውነቱን ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘችና "አላህ ይቅር ይበልሽ። እኔ ግን ዛሬ አልችልም" ብላኝ ሄደች። ዛሬ ደንበኛም አልገባልኝም። አልፈርድባቸውም፤ እንባቸውን አታልዬ ወስጃለሁ።

ወደ ቤት አልመልስሽም እማዬ። እንደገና በር ልቆልፍብሽ አልሻም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ስሜን ብታውቂውም ባታውቂውም። ቀንሽ ሲደርስም የማጥብሽ እኔ ነኝ። እስከዚያው ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም "እናቴ ቢሾፍቱ ናት፤ አለች" እላለሁ።

አንቺ ደግሞ አንድ ነገር እሺ በዪኝ፤ ማንም መጥቶ ሞተሻል ቢልሽ፣ እኔም ብሆን፣ እንዳታምኚ።

ልጅሽ ኑሰይባ
አዳማ