ሙኒራ የገጣጠመችልኝ ኮምፒውተር

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ቁማር አልጫወትም። ይህ በቅድሚያ ይጻፍ። ዛሬ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰማሁ። የሰፈራችን ወ/ሮ ብርቄ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ፣ አስካለ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ታድራለች፣ በኳስ እየቆመረች ጡረታዋን ጨረሰች ብላለች አሉ። ሦስት ስሕተት አለበት። ሌሊት እተኛለሁ። ኳስ አልወድም። የማደርገው ባቡር መንዳት ነው።

አንተ ታውቀዋለህ፣ ደብተሬ። ልጄ ዳዊት ጥሎት በሄደው አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያገኘሁት ጨዋታ ነው። ሾፌሯ እኔ ነኝ። ፍሬን፣ ፉጨት፣ ሰዓት አክብሮ ጣቢያ መግባት። አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ይነዳ ነበር። ወንድሞቼን ከጎኑ አስቀምጦ ወስዷቸዋል። እኔን ሴት ልጅ ዘይት ይነካታል ብሎ አልወሰደኝም። እኔ ወደ ካቶሊክ ሲስተሮቹ ት/ቤት፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ መምህርነት። ባቡሩ ሳይነዳ ቀረ።

ላፕቶፑ ባለፈው ሳምንት ሞተ። ተቃጥሎ ሸተተ። ዕቁቤ ደርሶኛል፤ አዲስ እገዛለሁ። ለጨዋታ የሚችል፣ ትልቁን ዓይነት። ጓዳውም በክረምት ያፈሳል፣ አሸንዳው መቀየር አለበት። ሁለቱም ከአንድ ገንዘብ።

«ኮምፒውተር» ረጅም ነው። ከእንግዲህ ኮ/ር።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ማታ

ከዳዊት ጋር መሀል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ። ፋብሪካው ገጣጥሞ የላከው፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ኮ/ር። ለዕይታ ያስቀመጡት ቀይና ሰማያዊ እያበራ የሠርግ አዳራሽ ይመስላል። ውስጡን ክፈቱልኝ አልሁ። ሻጩ ማሸጊያው ከተነሣ ዋስትናው ይቀራል አለ፣ በትሕትና። ያላየሁትን እንዴት ልግዛ? እናቴ ዶሮ የምትገዛው አንጠልጥላ መዝና፣ ደረቷን ዳስሳ ነበር። ይህንኑ ነገርሁት። ሻጩ ሳቀ። ዳዊት አፈረ። ወደ መኪናው ቀድሞኝ ሄደ። ከዚያ፦

«እማዬ፣ ዶሮ አይደለም እኮ። አንድ ዓመት ዋስትና አለው። ከተበላሸ ወስደሽ ፊታቸው ታስቀምጪዋለሽ፣ አለቀ።»

ትክክል ነው። መካድ አልችልም። ግን ዕቁቡን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል፣ ዳዊትም ሊጨምርበት ነው። ልጄ እንዲጨምር አልፈልግም። አሸንዳውም ለሌላ ዓመት። ያለፈውን ክረምት ጓዳ ውስጥ ባልዲ ደርድሬ ነው ያሳለፍሁት።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሙኒራ ዘንድ። አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ሱቅ አላት። የጎረቤቴ የወ/ሮ ዘይነባ ልጅ ናት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ኮ/ር ትጠግናለች፣ ዕቃ ገዝታም ትገጣጥማለች። ሱቁን ከከፈተች ዓመት አልሞላትም።

ምን እንደምጫወት ጠየቀችኝ። ባቡር አልሁ። አልሳቀችም። የትኛው ጨዋታ እንደሆነ፣ ስክሪኔ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቃ ጻፈች። ከዚያ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። አዲሱን በአንድ ወገን፣ ያገለገለውን በሌላ። ያገለገለ መሆኑን ሳልጠይቃት ተናገረች። ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ያገለገለ ነው፤ እዚያው ሰክታ አሠርታ አሳየችኝ። ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ግን አዲስ መሆን አለበት አለች። «እዚህ ላይ እንዳይቆጥቡ፣ እትዬ። የሰፈራችንን መብራት ያውቁታል።» ሣጥኑ ጥቁር፣ መልከ ጥፉ፣ ምንም የማያበራ። ወደድሁት።

አንዱ ቢበላሽ አንዱ ብቻ ይቀየራል፤ የቀረው አይነካም አለች። ይህ ይገባኛል። ይህን ቤት እኔና ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ አንድ አንድ ክፍል እያልን ነው የቀጠልነው።

ዋስትናው ስድስት ወር፣ ራሷ ፈርማ። ዋጋው ከእሽጉ በብዙ ያንሳል። አሸንዳውን ያሠራል።

ሱቁ ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጧል፣ ተስፋዬ ይባላል። ዓለም ባንክ ሰፈር ጌም ቤት ሊከፍት ነው፣ ዐሥር ኮ/ር ያስፈልገዋል። እሱም እንደ እኔ ሁለት ልብ ነው፤ እሽግ ይግዛ ወይስ ሙኒራ ትገጣጥምለት። የእርስዎን አይቼ እወስናለሁ አለኝ። «እርስዎ ከረኩ እኔ ማን ነኝ?» ፊቴ ላይ ምን እንዳየ እንጃ። ሙኒራ አቀርቅራ ሳቀች። ሲወጣ ነገረችኝ። ዐሥሩን ካገኘች ኮንቴይነሩን ትታ መንገድ ዳር ሱቅ ትከራያለች።

ለዳዊት ነገርሁት። አልወደደውም። ገንዘቡ የእኔ ነው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ቤቴ መጥታ ገጣጠመችው። ብሎን እንዳስር ፈቀደችልኝ። አንዱን ከመጠን በላይ አጠበቅሁት መሰለኝ፣ ምንም ሳትል ትንሽ አላላችው። ሽቦዎቹን ከጀርባ እንኳ ሳይቀር በሥርዐት አሠረች። ማንም የማያየውን ማስተካከል ደግ ነው።

ሦስት ነገር አዘዘችኝ። ያለ ስታብላይዘር እንዳልሰካው። እየሠራ ሳለ እንዳላንቀሳቅሰው። አቧራ ጠላቱ መሆኑን እንዳልረሳ።

ማታ ነዳሁ። በረዶ፣ ጥድ፣ ድልድይ። በላፕቶፑ ጭጋግ የነበረው ሁሉ ይታያል፤ የሐዲዱ ብሎን ሳይቀር። ጣቢያ በሰዓቱ ገባሁ። አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር? ዝም የሚል ይመስለኛል። ፈገግ ብሎ ዝም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ከደጃችን የተጀመረው የመንገድ ቁፋሮ አላለቀም። አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ነገ ደግሞ ኅዳር ሚካኤል፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፣ ጢስና አመዱ ቤት ይሞላል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው። ፍሪጁ አለው። ሬዲዮው አለው። ኮ/ር ብቻ ራቁቱን።

ከሰኞ ማታ ጀምሬ ስሠራለት ነበር፣ ዛሬ አለቀ። ነጭ ክር፣ ጠርዙ ጽጌረዳ። የዳንቴል ቀዳዳ አመድ ያስገባል። ስለዚህ ከውስጥ ገበር ሰፋሁበት፣ ወፈር ያለ አቡጀዲ። በአራቱም ጎን እስከ ታች ይወርዳል፤ ለማብሪያው ብቻ ቀዳዳ ተውሁለት። አለበስሁት። ልክክ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ትናንት እንደ ፈራሁት ጢስ በጢስ። ዳንቴሉን በጣቴ ብነካው ጠቆረብኝ። ከሥሩ ኮ/ሩ ንጹሕ። ከእንግዲህ አይወልቅም።

ማታ፦ ጠፋ። ጣቢያ ልገባ ፍሬን ይዤ ሳለ ድርግም። መብራት አለ። ስታብላይዘሩ ደኅና ነው። ከመጥፋቱ በፊት እንደ ወፍጮ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ በራ፣ ደግሞ ጠፋ። ለሙኒራ ደወልሁ። ያለበት ቦታ አየር ያገኛል ወይ አለችኝ። በዚህ ቤት የእሱን ያህል የተከበረ ዕቃ የለም አልኋት። እሁድ ትመጣለች።

ኅዳር 15፣ እሁድ

ጾም ገባ። ሙኒራ ከመድረሷ በፊት ዳንቴሉን አውልቄ፣ አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። ብሎን ሲፈታ የዋለ እጅ ነጭ ነገር ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መጣች፣ ከፈተች፣ እያንዳንዱን ነካካች። ከጎኔ ተቀምጣ ከአንድ ሰዓት በላይ አስነዳችኝ። አንዴ እንኳ አልጠፋም። ሐኪም ሲመጣ ሕመሙ እንደሚለቀው ልጅ። ካርዱ ይሆን እንዴ፣ ካርዱ ግን ደኅና ነው፣ እያለች ግራ ተጋብታ ሄደች። ሻይ እንኳ አልጠጣችም።

ማታ ዳንቴሉን መለስሁ፣ ነዳሁ። ጠፋ።

ዳዊት ደወለ። ነገርሁት። አልተቆጣም፤ ይህ የባሰ ነው። «ያገለገለ ዕቃ ነው እኮ፣ እማዬ። ምን ጠብቀሽ ነበር?»

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አየር ጤና ሄድሁ። ሱቁ ውስጥ ተስፋዬና ሁለት ደንበኞች። ተስፋዬ ወረቀት ይዟል፤ ዐሥሩን ሊያዝ ነው። የኋላው ረድፍ እንዲሰማ አድርጎ መናገር ከክፍል ውስጥ የቀረኝ ልማድ ነው። እንደዚያው ተናገርሁ።

«ሙኒራ፣ አሮጊት ናት ምን ታውቃለች ብለሽ የሞተ ዕቃ ሰጥተሽኛል። አንቺ ስትኖሪ ይሠራል፣ ስትሄጂ ይጠፋል። ይህ ሙያ አይደለም፤ ማታለል ነው።»

አልተከራከረችኝም። ካርዱን ልቀይርልዎት፣ ካልሆነም ገንዘብዎን ሙሉውን ልመልስ አለች፣ ቀስ ብላ። ዐይኗ ግን ተስፋዬ ላይ ነበር። ተስፋዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እደውላለሁ አላት። እንደማይደውል ሁላችንም አወቅን።

የሚገባውን ተናግሬአለሁ። በሚኒባስ ስመለስ ፌርማታዬን አልፌ ወረድሁ። መንገዱ ተቆፍሮ ነው።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ሙኒራ ደወለች። አላነሣሁም። ደግማ ደወለች።

ዳቦ ቤት ወ/ሮ ብርቄ ያዘችኝ። አልሰማሽም ወይ? የዘይነባ ልጅ የተቃጠለ ዕቃ ቀለም እየቀባች ትሸጣለች አሉ። አንድ ሰውዬ ዐሥር ኮምፒውተር ሊገዛት ሲል አንዲት አሮጊት ደርሳ አዳነችው፤ ሰኞ ከትልቁ ሱቅ እሽጉን ሊገዛ ነው። ያቺ አሮጊት ማን እንደሆነች አታውቅም። ቀለም የሚባል ነገር አልነበረም አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ፣ አስኩዬ። የተባለውን ነው።»

ዳቦዬን ይዤ ተመለስሁ። ምሳ አልበላልህ አለኝ። እኔን በኳስ ትቆምራለች ያለችውም ይህችው ሴት ናት። ልዩነቱ፣ ያኛውን ከራሷ አመጣችው። ይህኛውን ከእኔ አገኘችው።

ኅዳር 20፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ነገ ጽዮን ማርያም ናት። ዳንቴሎቹን ሁሉ አወረድሁ፤ የኅዳር ጢስ ያልነካው የለም። የኮ/ሩንም ጭምር። ዘፈዘፍሁ፣ አጠብሁ፣ ገመድ ላይ አሰጣሁ።

እስኪደርቁ ልንዳ ብዬ ተቀመጥሁ። እንደሚጠፋ እያወቅሁ፣ ረጅሙን መስመር። አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል ስል መጨረሻው ጣቢያ ደረስሁ። ድምፁ እንደ ተኛ ድመት።

ሙኒራ እዚህ የለችም። ካርዱ ያው ነው። መብራቱ ያው ነው። ምን ተለወጠ?

እየጻፍሁ በመስኮት ገመዱን አያለሁ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ሲስተሮቹ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ፣ ሌላውን አትንኪ ይሉን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደዚያ አደረግሁ። ዳንቴሉን ለብሶ፦ ጮኸ፣ ጠፋ። አውልቄለት፦ ዳር ደረሰ። ደግሞ ለብሶ፦ ጠፋ። እጄን ከገበሩ ሥር ሰደድሁ። ገና ከካውያ ሥር እንደ ወጣ ልብስ ይፋጃል። ትኩሱን አየር የሚያስወጣው ማራገቢያ ከጀርባ ነው፤ አቡጀዲው ደፍኖታል። አፍና አፍንጫውን ይዤው ነበር።

አየር ያገኛል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ኅዳር 22፣ እሁድ፣ ማታ

ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁ። በስልክ ብነግራት የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። እኔ የተናገርሁት ሰው ፊት ነው። ተስፋዬ ደግሞ ነገ ይከፍላል።

ዳዊት መጥቶ ነበር። ለእሱ ነገርሁት። ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ።

«ልጅቷ ስትመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅሽባት?»

አልደበቅሁም። እንዳይቆሽሽ ነው።

«እሽጉን ገዝተን ቢሆን ኖሮስ?»

እሱንም አለብሰው ነበር፣ ዳዊት። መሳቁን ተወ። ነገ በመኪና ላድርስሽ አለ። አይሆንም፣ ከሥራህ አትቅር፣ በሚኒባስ እሄዳለሁ አልሁት።

እንግዲህ ነገ፦

በመጀመሪያ ወ/ሮ ብርቄን ከቤቷ መውሰድ። ወዴትና ለምን እንደሆነ አለመንገር። ካልነገርኋት ትመጣለች።

ዳንቴሉን ከነገበሩ በፌስታል መያዝ።

ሱቁ እንደ ደረስን፣ ሙኒራ ለተስፋዬ እንድትደውል ማድረግ፣ ሳይከፍል። ካላነሣላት በእኔ ስልክ። ካላነሣልኝ ዓለም ባንክ ድረስ፣ ሦስታችንም።

ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት። ማክሰኞ የተናገርሁትን ያህል ጮክ ብሎ መናገር፦ ዕቃው ደኅና ነው፣ ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ አፍኜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያቺ አሮጊትም እኔ ነኝ። የኋላው ረድፍ ይስማ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብርቄ ትጨርሰዋለች። ለምሳ ሳንደርስ ወሬውን ቀራንዮ ሰፈር ድረስ ታዳርሰዋለች።