አስኔ፣ የቱን ካሜራ እንደመረጥኩ ልንገርሽ

ለባለቤቴ ለአስኔ፤

በማንኪራ ምድር በአንድ ቁጭታ ይህን የሚያህል ደብዳቤ በገዛ እጁ የጻፈ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔም በኋላ አይነሳም። እሺ፣ መምህራን አሉ። ተማሪዎችም አሉ። እንግዲያው ከማታ ትምህርት ክፍላችን አንደኛ ነኝ ልበል። እሺ፣ ከኋላ ወንበር ከምንቀመጠው ሽማግሌዎች መካከል። ከዚያ በታች ግን አልወርድም። ጎረቤታችን ሐብቴ እስካሁን ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ላቡን ይጠርጋል።

ከሄድሽ ወዲህ ንቦቻችን የሚቀስሙት የጌተሙ ዛፍ ሁለት ጊዜ አብቧል፤ ሦስተኛው ተቃርቧል። ሰው ዘመኑን በወር ይቆጥራል፤ እኔና አንቺ በማር ነበር የምንቆጥረው፤ አሁንም አልቀየርኩትም። ወረቀት ሲመጣ ለእኔ ማንበብ ሲሰለችሽ "እኔ ስሞት ማን ሊያነብልህ ነው?" ትዪኝ ነበር። ማንም። ራሴ አነባለሁ። ይኸው እጽፋለሁም። መምህራችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ የመጀመሪያ ደብዳቤያችንን ለማን እንደምንጽፍ ሲጠይቀን አንዱ ለልጄ፣ ሌላው ለቀበሌ አለ። እኔ ለሚስቴ አልኩ። "ጋሽ ገረመው፣ አድራሻው የት ነው?" አለኝ። "እሱን ለእኔ ተወው፤ አንተ ፊደሉን ብቻ አርምልኝ" አልኩት። ወረቀት ጨመረልኝ።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። በስተጓሮ በኩል ያፈስ የነበረው ቆርቆሮ ተጠግኗል። የተከልሻቸው ኮረሪማዎች ዘንድሮ አፍርተዋል፤ ዝንጀሮዎቹ ከእኔ ቀድመው ቀመሷቸው እንጂ። ቀሚሶችሽን ልጃችን ምሕረት አጥባ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። ሁሉም ወገባቸው ላይ አልቀዋል፤ ሌላው ጨርቃቸው ደህና ነው። "ሆድሽ ነው የሚበላቸው" እያልኩ ስቀልድብሽ ታስታውሻለሽ። አንቺም ሳትመልሺልኝ ከውስጥ በኩል ትጥፊያቸው ነበር።

ምሕረት አሁንም ቦንጋ መሥሪያ ቤቷ ናት፤ "ፕላን" ወይ "ሪፖርት" ሳትል አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም። በየሳምንቱ እየመጣች ከማንኪራ ልትነቅለኝ ትሞክራለች። ቦንጋ ወስዳ በረንዳ ላይ ልታስቀምጠኝ፣ እኔም የባጃጅ ጡሩምባ እየሰማሁ ጋዜጣ ላነብላት ነው። ማንበብ የተማርኩት ለዚያ አይደለም አልኳት።

ጠባችን ስለ ቀረሮው ነው፤ ከወንዙ ማዶ ስላለው፣ አያቴም አባቴም ቀፎ ይሰቅሉበት ስለነበረው ትልቁ ዛፍ። ወጪው እኔ፣ ገመድ ያዡ አንቺ ነበርሽ። የገመዱ አንድ ጫፍ በወገቤ፣ ስወጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እያዞርኩት፣ ሌላው ጫፍ ታች በአንቺ እጅ። እግሬ ቢስት ከሞት የሚያስቀረኝ ያ ገመድ ነው። አባቴ ያስተማረኝንም ሕግ ታውቂያለሽ፤ ቀፎው ታስሮ ሳያልቅ ወጪው ወደ ታች አያይም። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ቁልቁል አይቼሽ አላውቅም። ስወርድ ቀሚስሽን አራግፈሽ ቆመሽ አገኝሻለሁ። "ደግሞ ተኝተሽ ነበር" እልሻለሁ። "አዎ፣ ሕልምም አይቻለሁ" ትዪኛለሽ። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበረሽ፤ ከላይ ሲታይ ምን ይመስላል? እኔ ስኮራ፣ ሳበዛ፣ አንቺ ደግሞ ሳታምኚኝ "አንድ ቀን አውርድልኝና ልየው" ትዪ ነበር። በስልኬ ላነሳልሽ በጥርሴ ነክሼው ወጥቼ፣ በራሴ ቀልድ ስስቅ አመለጠኝ። ስብርባሪውን በነጠላሽ ለቅመሽ ሰጠሽኝ።

ምሕረት ይህን ስለምታውቅ በዚያው በኩል መጣችብኝ። "አባዬ፣ እማዬ የለችም፤ ከእንግዲህ ገመዱን ማን ይይዝልሃል? ካሜራ እገዛልሃለሁ። አንዴ ወጥተህ ቅረጸውና ዛፉን ተሰናበተው" አለችኝ። "ቅረጸው" ያለችውን ሰማሁ። "ተሰናበተው" ያለችውን አልሰማሁም። ጆሮዬ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል።

የወንድምሽ ልጅ ደሳለኝ ቦንጋ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ መሸጫ ከፍቷል። ሁለት ዓይነት ካሜራ ነበረው። አንደኛው ከሳሙና ቁራጭ የማይበልጥ፣ ደረት ላይ በማሰሪያ የሚታሰር ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ውሃ አይፈራም፣ ፊት ለፊት ያለውን ጥርት አድርጎ ያያል። ሁለተኛው ረዘም ያለ፣ በፊትም በኋላም ዓይን ያለው፣ በዘንግ ጫፍ የሚሰካ ነው፤ ዙሪያውን፣ ላይና ታቹን በአንዴ ይቀርጻል። በኋላ ምስሉን ስልክ ላይ በጣትሽ እያዞርሽ የፈለግሽውን አቅጣጫ ታያለሽ። ደሳለኝ ግን፣ "ላልዋሽዎት ጋሼ፣ ከዚህ ዓይነቱ ርካሹ ነው፤ ራቅ ያለውን ያደበዝዛል" አለኝ።

ወዲያው የደረቱን መረጥኩ። ከኋላዬ ያለውን ማየት ምን ያደርግልኛል? ለአንቺ የማወርደው እኔ ያየሁትን ነው። ደሳለኝ ግን ሁለቱንም ሞክረው ይምረጡ ብሎ ሁለቱንም ሰጠኝ። "ከሰበሩት ግን የአክስቴ ባል መሆንዎ ይቀራል" አለ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ገመዱን ሐብቴ ያዘልኝና በደረቱ ካሜራ ወጣሁ። መቼም አዲስ ቀፎ ሳይታጠን አይሰቀልም፤ ንቦቹ ባዳ እንዳይሆንባቸው ሽታው ደስ በሚል ቅጠል እናጥነዋለን፣ በሰም እናሸዋለን። ካሜራውስ ባዳ አይደለም ወይ? ጥቁር ነው፣ የፕላስቲክ ሽታ አለው፤ ዛፉ ላይ ደግሞ ንብ የገባባቸው ቀፎዎች አሉ። እናም አጠንኩት። ሰምም ቀባሁት፤ ዓይኑንም ሳይቀር። ንቦቹ ምንም አላሉትም። ይህን ማንም ሊክደኝ አይችልም።

ከምሕረት ጋር ሆነን ደሳለኝ ሱቅ ስንከፍተው ምስሉ ጭጋግ ነው። ሰሙ ሳሳ ባለበት በኩል የዛፉ ቅርፊትና የራሴ እጆች ይታያሉ፤ በቃ። ደሳለኝ ሳሙና እየፈለገ፣ "ውሃ አይፈራም አልኩ እንጂ ጋሼ፣ ሰም አይፈራም መቼ ወጣኝ?" ይላል። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ገብቷል። የሆነ ነገር ያለከልካል።

"ይሄ የማን ትንፋሽ ነው?" አለች ምሕረት።

"የንቦቹ ነው" አልኳት።

አልሳቀችም። እንደ አንቺ መሳቅ የምትችል ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም። "በቃ፣ አባዬ። ሐብቴንም ገመድ እንዳይዝልህ እነግረዋለሁ። እኔ እንደሆን አልይዝም፤ ከያዝኩ ፈቀድኩልህ ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጓዝህን ጭነን ቦንጋ ትገባለህ" አለች። ለሐብቴም ነገረችው። ቅዳሜ ሲደርስ ሐብቴ የሺሺንዳ ገበያ ትዝ አለው።

እንግዲህ አስኔ፣ እንዳትቆጪኝ። ሞት አንቺን ወሰደብኝ፤ አላስፈቀደኝም፣ አልመከረኝም። ዛፉን ደግሞ አጣጥፌ በእጁ አልሰጠውም። ጌተሙ ሊያብብ እየተዘጋጀ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሰው ማር ልልስ? ሁለተኛውን ካሜራ ዘንጉ ላይ ሰካሁት፤ ዘንጉንም እንደ አንቴና ከራሴ በላይ እንዲወጣ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት። ሰም አልቀባሁትም፤ እኔ የምማር ሰው ነኝ። የገመዱን ጫፍ ከዛፉ ሥር ካለው የቡና ግንድ ጋር አሰርኩት። የቡና ግንድ ሰው አይሆንም፤ ቢሆንም ለምሕረት አይፈራም። ከዚያ ወጣሁ። አለከለክኩም። ማለክለክ ክልክል ነው ያለኝ የለም።

ቀፎውን ሰቅዬ ስወርድ ገመዱ ከቡናው ግንድ እንደታሰረ ነው። ምሕረት ራቅ ብላ መንገዱ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። "አሁን ገና መድረሴ ነው" አለችኝ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ስትቆጣኝ ሄደች። ነገ እሑድ ነው፣ ጓዝህን አዘጋጅ፣ ዕቃውን ለደሳለኝ እንመልሳለን፣ አለቀ። እኔም እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም፤ ልበላ ነው አልኩ።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ደሳለኝ ምስሉን ከፈተውና በጣቱ አዞረው። መጀመሪያ ሰማዩ መጣ። ቀጥሎ የእኔ አናት፤ መላጣዬ ያን ያህል እንደሰፋ በሕይወትሽ ሙሉ ደብቀሽኛል። ከዚያ ጫካው፤ አስኔ፣ ጫካው እንደ ዱቄት ጆንያ አናቱ ተድቦልቡሎ፣ ጉም መሃል ለመሃል ሲሄድ። ያ ነው ሳበዛ የምነግርሽ። ያን ያህል እንዳላበዛሁ አሁን ምስክር አለኝ። እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ "እስቲ ወደ ታች አዙረው" አልኩት።

አዞረው። ከዛፉ ሥር የቡናው ግንድ ብቻውን ነው፤ ገመድ የለበትም። ገመዱ አንዲት ሴት ወገብ ላይ ነው፤ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ ጫፉ በእጇ ተይዞ። ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ እግሮቿን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። እኔ ስወጣ ገመድ ትለቃለች፣ ስቆም ትሰበስባለች። ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ "ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ" ትላለች። ቀፎውን አስሬ መውረድ ስጀምርና እግሬ ወደ መሬት ሲቃረብ፣ ፈትታ መልሳ ግንዱ ላይ አስራው ወደ መንገዱ ሮጠች።

ደሳለኝ ተንኮለኛ ነው፤ "ይቺ ደግሞ ማናት?" አለ።

"አላውቃትም" አለች ምሕረት።

"እኔም አላውቃትም፤ ጫማዋ ግን የመሥሪያ ቤት ነው" አልኩ።

ማንም ገመድ በወገብ መያዝ አላስተማራትም። እኔ አላስተማርኳትም፤ ምክንያቱም እኔም አላውቅም ነበር። በእጅሽ የምትይዢው ነበር የሚመስለኝ። ቀሚሶችሽ ለምን ወገባቸው ላይ እንዳለቁ ያኔ ገባኝ፤ ደሳለኝ ሱቅ ውስጥ፣ የስልክ ሽፋን ሊገዛ የመጣ ሰው አጠገቤ ቆሞ። ክብደቴን ሁሉ በወገብሽ ይዘሽ ነው "ሕልም አይቻለሁ" ስትዪኝ የኖርሽው።

ምሕረት ስልኩን ከደሳለኝ ወስዳ ምስሉን ወደ ሰማዩ አዞረችው። ከዚያ፣ "ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ እችላለሁ፤ ከሰዓት ሪፖርት አለብኝ" አለች። ስለ ጓዝ ያነሳ የለም። እኔም ርካሹን፣ ሩቅ የሚያደበዝዘውን፣ ወደ ታች የሚያየውን ካሜራ መረጥኩ። የደረቱ በሁሉም ነገር ይበልጠዋል፤ ደሳለኝም ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል። ይብለጥ። የደረቱ እኔን የሚያክል ሞኝ ነው፤ ከፊቱ ያለውን ብቻ ያያል።

አሁን አዲስ ልማድ አውጥቻለሁ። የአባቴ ሕግ ቀፎው ታስሮ ሳያልቅ አትይ ይላል እንጂ፣ ካለቀ በኋላ አትይ አይልም። ዕድሜ ልኬን ይህን አላስተዋልኩም። ስለዚህ አስሬ በጨረስኩ ቁጥር፣ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ፣ ቁልቁል አያለሁ፤ ከምሕረት አጠገብ አንቺ የምትቆሚበትን ሣር አያለሁ። እኔ ባልችል ደግሞ ካሜራውን የሚሸከም አላጣም። የሚረሳሽ ዛፍ የለም፤ እኔማ ጭራሽ። ይህን ደብዳቤ መቃብርሽ ድረስ ይዤ መጥቼ ራሴ አነብልሻለሁ፤ ሳልንተባተብ። እሺ፣ ትንሽ ብንተባተብም አትስሚኝ። ምስሉንም ስልክ ላይ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ አውርድልኝ ብለሽ አልነበር።

ባልሽ ገረመው

አንድ ነገር ልጨምር፤ መምህሩ ውሸት አይጻፍም ብሎናል። ካሜራው በእርግጥ ርካሽ ነው፤ ከዚያ ከፍታ የምሕረት ፊት ከበቆሎ ፍሬ አይበልጥም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይታይም፤ ድምፅም አልደረሰም። "ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ" ያልኩትን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ አንቺ እንዲያ ትዪ ነበር ብዬ ማሰብ ስለፈለግሁ። ገመዱ ግን ወገቧ ላይ ነበር።