ከአንድ ትሪ ስላልበሉ ሁለት ልጆች ለጓድ አሸብር

ይድረስ ለክቡር ጓድ አሸብር፣ የቀበሌያችን የሕፃናት ስሜት ማነጫና አብሮነት ማጎልበቻ ፕሮግራም ኃላፊ፤

ክቡር ጓድ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ? እህል ውሃውስ ይስማማዎታል? በተለይ የውሃውን ነገር አጥብቄ የምጠይቅበት ምክንያት ስላለኝ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። እኔ ኩዌት ኮንግ፣ ገበያው ጥግ በስፌት መኪናዬ የምተዳደረው ልብስ ሰፊ፣ የፕሮግራምዎን ልጆች ቀይ የአንገት ልብስ በነፃ የሰፋሁልዎ ሰው፣ ለልጆቻችን ስላደረጉት ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነስቻለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር ያደረግሁት እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አዳራሹ። የጸሎት ቤታችንን አሽገው፣ አግዳሚዎቹን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ካስወሰዱ በኋላ፣ ባዶውን ቤት እሑድ ጠዋት ለሕፃናት መክፈትዎ ትልቅ አሳቢነት ነው። ልጆቻችን ሲዘምሩበት በነበረው ወለል ላይ የእንጨት ጠብመንጃ ተሸክመው መሰለፍን፣ ከዚያም ተራ በተራ እየተነሱ የሚሰማቸውን ያለ ፍርሃት መናገርን ተምረዋል። ልጄ ኛኩዋት ዓይን አፋር ነበረች፤ መናገሩን እንዴት እንደለመደች ዝቅ ብለው ያነቡታል።

ሁለተኛ፣ ስለ ትሪው። ልጆች መካፈልን ይማሩ ብለው የበቆሎ ገንፎ በአንድ ትሪ አስቀርበው፣ ልጄን ከዱዎት ልጅ ከኛዌች ጋር አስቀመጧት። እኔና ዓሣ አጥማጁ ዱዎት ደም የተቃባን ሰዎች መሆናችንን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የእርሱ ወንድም የእኔን ወንድም በጦር ገድሎ፣ ካሳው ሳይከፈል ደሙም ሳይደርቅ ዓመታት አልፈዋል። በእኛ በኑዌሮች ዘንድ ደም ያልደረቀላቸው ቤተሰቦች ከአንድ ዕቃ ከበሉ ወይም ከጠጡ ሞት ይከተላል። ሁለቱ ልጆች ይህን ከእናት ጡት ጋር ጠብተውታል። ባሮ ዳር አብረው ሲዋኙና ሲሯሯጡ ይውሉና፣ ውሃ ሲጠማቸው እያንዳንዷ የየራሷን ቅል አንስታ፣ ለጓደኛዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትጠጣ ነበር። እኛ ትልልቆቹ ተኮራርፈን ስንኖር፣ እነርሱ አንዷ ሌላዋን ከሞት እየጠበቀች መዋደድን በራሳቸው አውቀውበት ነበር። ቢጠይቁን በነገርንዎ ነበር። አብሮነትን ከመመሪያ ወረቀት መፈለግ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነውና፣ እርስዎ ከአንድ ትሪ አለመብላታቸውን ራስ ወዳድነት ብለው ሰየሙት።

ሦስተኛ፣ ስለ ትጋትዎ። ሁለቱ ልጆች አንበላም ሲሉ አብዮት ጠባቂዎቹ እጃቸውን ጠምዝዘው እንዲይዟቸው፣ ገንፎውም በብረት ማንኪያ እንዲገባላቸው አዘዙ። የልጄ ሁለት የላይ ጥርሶች ተሰብረው ከገንፎው ጋር ወረዱ። ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል፤ በወጋችን የታች ጥርሳችንን ስናስወልቅ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብለው ሲያስቀጡን የነበሩት እርስዎ፣ የላዩን በነፃ አወለቁልን። ኛዌች የያዛትን እጅ ነክሳ አመለጠችና በአዳራሹ በር ወጥታ ወደ ወንዙ ሮጠች። እርስዎም ተከትለው ወጥተው ሽጉጥዎን መዘዙ። በስብሰባ ላይ ወደ ሰማይ እንደተኮሱ አስረድተውናል፤ እንግዲያው ያን ቀን ሰማዩ ዝቅ ብሎ በአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትከሻዎች መካከል ነበር ማለት ነው። ተኩሱን ሰምቼ ስደርስ፣ ጭቃው ላይ በፊቷ ተደፍታ ስትንፈራፈር የሰፋሁት ቀይ ጨርቅ አንገቷ ላይ ነበር፤ ከደሟ መለየት አቃተኝ። መገነዣዋንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። እጠላዎታለሁ፤ ይህንን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ትምህርቱ ውጤት። በቀጣዩ እሑድ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ልጆቹ የሚሰማቸውን እንዲናገሩ አዘዙ። ኛኩዋት በተሰባበረ ጥርሷ ተነስታ፣ ጓደኛዋን እርስዎ እንደገደሏት፣ ገድለውም ሽጉጡን በመሐረብ እንደጠረጉ በልጆቹ ሁሉ ፊት ተናገረች። ያቺ ዓይን አፋር ልጄ። አስተማሪዋ ነዎትና ሊኮሩባት ሲገባ፣ ስሜቷ የታወከ ነው ብለው ሐሙስ በሚነሳው የጭነት መኪና ወደ መሃል አገር ማነጫ ካምፕ እንድትላክ ወሰኑ። ወደዚያ ካምፕ ከተላኩት የቀበሌያችን ልጆች የተመለሰ አላየንም።

ትልቁ ውለታዎ የመጣው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። ውሳኔው እንደተሰማ፣ ደጄን ረግጦ የማያውቀው ዱዎት ጦሩን ውጭ አስደግፎ ቤቴ ገባ። የእርሱ ልጅ ሄዳለች፤ የእኔዋ እንዳትሄድ በታንኳው ሊያሸሻት መጥቷል። ሆኖም መንገዱ የቀናት መንገድ ነው፤ ልጄ ከእርሱ ቅል ሳትጠጣ፣ ከእርሱ ዓሣ ሳትበላ ልትዘልቀው አትችልም። ስለዚህ ከማታር መንደር የመጣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ አስጠርተን፣ በሬ አርደን ደሙን አደረቅን። የዘመድ አዝማድ ልመና ለዓመታት ያቃተውን እርስዎ በአንዲት ጥይት ፈጸሙት። ለሪፖርትዎ እንዲመችም ላስታውቅ፤ ኛኩዋት ከዱዎት ጋር ከአንድ ትሪ ገንፎ በልታለች፣ በቀሯት ጥርሶች። የኛዌችን ቅል ይዛ ታንኳው ላይ ስትወጣ አለቀስኩ።

ይህ ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከፕሮግራሙ በተረፈ ገንፎ ተለጥፎ ሲነበብ እኔና ባለቤቴም ተከትለናታል። የሐሙሱ መኪና ባዶውን እንዳይሄድ የስፌት መኪናዬን ትቼልዎታለሁ።

የሚሰማኝን ያለ ፍርሃት መናገርን በልጄ በኩል ያስተማሩኝ፣ ውለታዎን እስከ መቃብር የማልረሳው፣

ኩዌት ኮንግ፣ የኛኩዋት አባት
ጋምቤላ፣ ሐምሌ 1979 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የውሃው ነገር። በእኛ ወግ ሰው የገደለ ሰው፣ ሽማግሌው ክንዱን በጦር ጫፍ በጥቶ የሟቹን ደም እስኪያፈስለት ድረስ ውሃ በአፉ አይዞርም፤ ከጠጣ የጠጣው ውሃ ይገድለዋል። የዱዎት ወንድም እንኳ ይህን ፈጽሟል። ለእርስዎም እንዲያደርግልዎ ሽማግሌውን ለምነነው ነበር። ገደልኩ ብሎ የመጣን እንደሚበጣ፣ ወደ ሰማይ ተኮስኩ ለሚል ግን ጦር እንደሌለው ነገረን። ከዚያች እሑድ ወዲህ ከባሮ የተቀዳ ውሃ በየቀኑ ሲጠጡ አይተንዎታል። ጤናዎን አስቀድሜ የጠየቅሁት ለዚህ ነው።