ከድህነት የወጣሁበት ሐሙስ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ልብስ አጠብኩ። ረፋዱ ላይ ውኃ ሄደ፤ ግማሹ ልብስ ከነሳሙናው ቀረ።

ይህ ደብተር የልጄ ነው። የፊተኞቹ ገጾች ላይ የእሷ ጽሑፍ አለ፤ የኋላው ባዶ ነው። ከባዶው ጀመርኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ግን ማን ይቸኩላል?

ከሰዓት በኋላ ደመና ነበር። የክፍሏ ጣሪያ ያፈሳል፣ ልክ ከአልጋው በላይ። ባልዲ አስቀመጥኩ። ባለፈው ክረምት ሁለታችን አልጋውን ወዲህ ወዲያ ስንገፋ ነው የከረምነው። ዘንድሮ ገፊዋ እኔ ብቻ ነኝ። ከሞተች ሰባት ወር ሆናት። ክፍሉን ትታው እንደሄደችው ነው ያቆየሁት። ቀሚሶቿ ምስማሩ ላይ ናቸው፣ ጫማዋ ከአልጋው ሥር። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ካልተሠራ ሁሉም ይበሰብሳል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ስብሰባ ተጠራ። «ድህነትን ከሰፈራችን እናጥፋ» ነው የሚለው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ። ስለ ድህነት ሲያወራ እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ ስሙን ባነሳ ቁጥር ወደ በሩ ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝጋቢ ቤት ለቤት ዞሮ ዕቃ ይቆጥራል። ለቴሌቪዥን ይህን ያህል ነጥብ፣ ለፍሪጅ ይህን ያህል። ከሃያ ነጥብ በታች ያገኘ ድሃ ነው፤ ይረዳል። ቆርቆሮም ይሰጣል አሉ፣ ለአንድ ቤት አሥራ ሁለት። ለእሷ ክፍል ይበቃል። ቤት ገብቼ ለካሁት።

ስንበተን ሊቀመንበሩ እጄን ያዘኝ። «እርስዎ ሐዘን ላይ ነዎት። ቤትዎ ማንም አይገባም፤ ቅጹን እኛው እንሞላለን» አለኝ። ጎረቤቴ አጠገቤ ነበረች። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚላት። ይህን ሰምታ ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ካለች ነገር አለ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሬዲዮ፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው አናጢ፣ ጡረተኛው መምህር። መሐላቸው ፍሪጅ።

«እትዬ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ።»

«ምኑ?»

«ቆጠራው እስኪያልፍ። አንቺ ቤት አይገቡም ተብሏል። የልጅቷ ክፍል እንደሆነ ባዶ ነው...»

«ባዶ አይደለም» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «አፌን በቆረጠው» አለች። ፍሪጁን ግን አልለቀቀችም። ማካፋት ጀመረ። ሦስት ሰው ፍሪጅ ተሸክሞ ደጄ ላይ እየበሰበሰ እንዴት እምቢ ይባላል? ከፈትኩ። ሰባት ወር ከእኔ በቀር ሰው ያልረገጠውን ክፍል ለፍሪጅ ከፈትኩ...

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሌላ ፍሪጅ፣ ሶፋ። መጨረሻ ላይ አናጢው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እየገፋ መጣ። መምህሩ ጫፉን ገለጥ አደረገው።

«አንተ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለህ?»

«የእህቴ ነው።»

«እህት አለህ እንዴ?»

«አሁን አለችኝ።»

ሬዲዮ ግን ከልቧ ተናደደች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከግድግዳዋ ማዶ ሲዞር የኖረው ይኸው ማሽን ነው። «ጆሮዬ ነው የሚጮኸው ብዬ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ እኮ» አለችው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

አልጋዋ ላይ ምንም እንዳይቀመጥ አስጠንቅቄያለሁ። ቀሚሶቿን በፕላስቲክ ሸፈንኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

መዝጋቢዋ መጣች። ትልቅ መነጽር፣ ትልቅ ቦርሳ።

«ሐዘን ላይ ነኝ» አልኳት ከበሩ ሳልለቅ።

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት፣ እናቴ። ቀድመው መረዳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ሳላይ ደግሞ አልሞላም።»

የደግ ሰው ጣጣ። የልጄን ክፍል ከፈተች። ቆመች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየች።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። «እኔ ብቻ» አልኩ።

«ቴሌቪዥን ሦስት... ለአንድ ሰው?»

ምን ልበል? ሰፈሩን ላጋልጥ? «አንዱ ሲደክመው ሌላውን አያለሁ» አልኩ።

«ሁለቱ ፍሪጅስ?»

«አንዱ ለውኃ ነው።»

በዕድሜዬ እንዲህ ዋሽቼ አላውቅም። ልጄ ብትሰማኝ በሳቅ ትሞት ነበር... ምን ዓይነት ቃል ጻፍኩ። ይሁን፣ አልሰርዘውም።

ነጥቤ መቶ አራት ሆነ። በየዕቃው ላይ ቁጥር ለጠፈች። የበላይ አጣሪዎች መጥተው እስኪያዩት ድረስ ከቦታው የተነሳ ዕቃ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል አለች። ወጥታ ተመለሰች።

«እናቴ፣ ነጩ ፍሪጅ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ።»

የመምህሩ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ሲፈልገው የነበረው።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ከእኔ በቀር መንገዱ በሙሉ ድሃ ነው። ከስሜ ትይዩ «ከድህነት የወጣች» ይላል። ቆርቆሮ የለም።

መምህሩ ሊያጽናናኝ መጣ። «ሠላሳ ዓመት ሳስተምር መቶ አራት ያመጣ ተማሪ አላጋጠመኝም» አለኝ።

ሬዲዮ አለቀሰች። «ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ።»

«ሂጂ።»

«ነገ።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ነገ አልመጣም። እነሱ ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ዕቃቸውን መውሰድ አይችሉ፣ የቴሌቪዥኑ ድራማ ደግሞ አያመልጣቸው። ዛሬ ሬዲዮ ሳታስበው አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ!»

ጮኬ ኖሯል፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ተነሳች። ድራማው እስኪያልቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ቤቷ መሄድ ትችል ነበር። ድራማው ነው ያስቀራት ወይስ እኔ?

ዓርብ፣ ግንቦት 22

የራሷን በርጩማ ይዛ መጣች። ከአልጋው አርቃ አስቀመጠችው። ሻይ ቀዳሁላት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ባልዲው ሞላ። ውኃው ቦታ ቀይሮ የሬዲዮ ቴሌቪዥን ላይ ጠብ አለ። አንዲት ጠብታ። ጩኸቷ እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ።

ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሦስት መሰላል፣ አራት መዶሻ፤ ቆርቆሮው ከየት እንደመጣ እንጃ። አናጢው በዚያ ዝናብ ጣሪያ ላይ ወጣ። መምህሩ መሰላል ያዘ። ሬዲዮ ጃንጥላ ይዛ ከታች ታዛለች። «ወደ ግራ... የእኔ በግራ በኩል ነው ያለው!»

«አንቺ፣ ጣሪያ ነው የምሠራው ወይስ ቴሌቪዥንሽን?»

«ሁለቱንም።»

አናጢው ሲወርድ ሻይ ሰጠሁት። ልተወው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። «ልጄ እያለች ሁለት ክረምት ሲያፈስ አንድ መሰላል አላየሁም። ለፍሪጅ ሦስት መጣ» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አልነገርሽንም፣ እትዬ» አለ። «እኛም አልጠየቅንም።»

ሻዩን ሳይጨርስ ተመልሶ ወጣ። የማያፈሰውንም ጎን ሲመታ አመሸ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ዛሬ «ከድህነት የወጣች» ተብዬ የምስክር ወረቀት ልሸለም ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። አጣሪዎቹ ከፊት ተቀምጠዋል፣ መዝጋቢዋ አጠገባቸው።

«እንዴት ከድህነት እንደወጡ ልምድዎን ያካፍሉን» አለ ሊቀመንበሩ።

ተነሳሁ። ከቤት ስወጣ ልዋሽ ነበር ሐሳቤ፤ ጠንክሬ ሠርቼ ምናምን ልል። ሬዲዮን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች።

«ከድህነት የወጣሁት ሐሙስ ዕለት ነው» አልኩ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገና ድሃ ነበርኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ጎረቤቶቼ ተሸክመው አወጡኝ። አሁን ሊመልሱኝ ቢፈልጉም ቁጥር ተለጥፎብኛል።»

መጀመሪያ የሳቀው መምህሩ ነው። ከዚያ ሁሉም። ሳቁ ሳያልቅ ሬዲዮ ቆመች።

«ሰማያዊው ፍሪጅ የእኔ ነው። ሶፋውም። ትልቁ ቴሌቪዥንም።»

መምህሩ «ነጩ ፍሪጅ የእኔ ነው» አለ። አናጢው ተነሳ። «ማጠቢያ ማሽኑ የእህ...» ሬዲዮ ዞር ብላ አየችው። «የእኔ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ የምስክር ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ፖስታው ውስጥ መለሰው። ያልተገረመች መዝጋቢዋ ብቻ ነች። «ጥርሱን ካየሁ ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ። ግን እርስዎ ‹የእኔ ነው› እያሉኝ አይደለም ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

እንደገና ተቆጠርን። ዘጠኝ ነጥብ። ድህነቴ ተመለሰልኝ፤ ሰው መንገድ ላይ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። ሌሎቹ ሁሉ ከሃያ በላይ ናቸው።

አሥራ ሁለቱ ቆርቆሮ ደረሰኝ። ጣሪያዬ ግን ተሠርቶ አልቋል። ለካ አናጢው ያን ቀን ቆርቆሮውን የነቀለው ከራሱ ማድ ቤት ነው። እስከዛሬ ሚስቱ በዝናብ ጃንጥላ ይዛ ነው የምታበስለው። የደረሰኝ ቆርቆሮ ወደ እነሱ እንዲሄድ አደረግኩ።

መዝጋቢዋ ሌላም ነገር አለ አለች። ስድስት የልብስ ስፌት መኪና፣ አብረው ለሚሠሩ ስድስት ሴቶች፣ ነጥብ ሳይታይ። ግን የማያፈስ ክፍል ያስፈልጋል። «ማን አለው?» ብላ ጠየቀች። ማንም ወደ እኔ አላየም። ስድስት ጎልማሳ ሰው ጣሪያ ሲያጠና ዋለ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ዕቃቸውን ወሰዱ። ክፍሉ ሰፋ። ወለሉ ላይ የፍሪጅ እግር አራት ምልክት ትቷል። መሐሉ ላይ ቆምኩ። ጸጥታው ከበፊቱ ባሰ... እንደ በፊቱ ሆኖ ይቆይልኝ ብዬ ነበር እኮ ጣሪያ የለመንኩት። አሁን ደረቅ ነው። ለማን?

አለቀስኩ። ከዚያ ቀሚሶቿን ማጠፍ ጀመርኩ። ቢጫውን አሸተትኩት። የእሷ ጠረን የለም። የሬዲዮ ሶፋ ይሸታል። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ሬዲዮ ቤት ሄድኩ። «መኪናዎቹ ይምጡ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ቶሎ ይምጡ።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ግቢ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ውስጥ አይቻልም። ስድስት መኪና፣ ስድስት ሴት፣ ሬዲዮን ሁለት ጊዜ ብንቆጥር ሰባት አፍ። አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ታዘናል። ሬዲዮ የሰፋችው የመጀመሪያው ሱሪ አንድ እግሩ ይረዝማል።

«ልጁ ያድግበታል» አለች።

«በአንድ እግሩ?» አልኳት።

ጠዋት መዝጋቢዋ ሥራውን ልታይ መጥታ ነበር። ቅጽ አላት፤ ያለ ቅጽ አትንቀሳቀስም። «የመሥሪያ ክፍሉ ባለቤት ማን ልበል?» ስትል ስድስቱም መኪና ቆመ።

«የልጄ ነው» አልኳት። «እኛ እንሠራበታለን።»

ብዕሯ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እንዳልኳት ጻፈችው። የት ነች ብላ አልጠየቀችም። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ።

ሬዲዮ ከውስጥ እየጠራችኝ ነው። መርፌ ሰብራለች፣ ከጠዋት ወዲህ ሦስተኛው። ልሂድ።