ደህና ነው ያልኩት ፍሬን

ይድረስ ለእታለም፣ እናቴን ለተካሽልኝ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላህ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ስኳሩስ ትንሽ ፋታ ሰጠሽ? ሙና ትምህርቷን ቀጠለች? ባቲ ሰሞኑን ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ በቀትር ከቤት አትውጪ። ስለ እኔ ከሆነ፣ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ይል የለ? እኔም እንደዚያ እያልኩ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይኼ አራተኛው ነው። ደህና አይደለሁም፣ እታለም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ደውዬልሽ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ አወራሁና ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ፤ አንቺም ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ነው። ሙና እንዳታነብልሽ፤ ልጅ አፍ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

በሰው በሰው ሦስት ጊዜ ልከሽብኛል። የቶፊቅን ሞተር አውጣና ለቁርአን አስተማሪው አሮጌ ሞተር ሳይክል ግጠምለት፣ ለልጄ ሰደቃ ይሁነው ብለሽ። ሞተር ማውጣት ለእኔ ምን ሥራ ነው? ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ የአንዱን ሞተር ለሌላው ሻንሲ ሳጋባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሚሴ ውስጥ የሚሄደው አሮጌ ሞተር ሳይክል ግማሹ ሆዱ የአንዱ፣ ጎማው የሌላው፣ ካርቡራቶሩ ደግሞ የሞተ ሰው ነው፤ ሁሉም በእኔ እጅ ያለፈ። የቶፊቅን ግን መንካት አቃተኝ። ፖሊስ ከመለሰልን ጀምሮ ላስቲክ አልብሼው ከግንቡ ሥር አቁሜዋለሁ። በዚያ በኩል ማለፍ ስለማልፈልግ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በጓሮ ዞሬ ነው።

ታስታውሻለሽ፣ ልጁ ልባሽ ጨርቅ ጭኜ በየገበያው ልዙር፣ ሞተር ሳይክል ይገዛልኝ ሲልሽ አሻፈረኝ ብለሽ ነበር። እኔ ነኝ ያግባባሁሽ። እኔ እያለሁ ምን ይሆናል አልኩሽ። እኔን አምነሽ ጊደርሽን ሸጥሽ። የገዛነው ሞተር ሳይክል ሞተሩ ሽማግሌ ነበር፤ ጭነት ሲበዛበት ዳገት ላይ ያቃስታል። ስለዚህ ከጨረታ የተገኘ አንድ ጎበዝ ሞተር አገኘሁለትና በረመዳን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ልቀይርለት ተቀመጥኩ።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢው። የኋላው ፍሬን ከእግር መርገጫው እስከ ጎማው በቀጭን ዘንግ ነው የሚሠራው። የዘንጉን ጫፍ የምትይዘው አንዲት ዳዶ ናት፣ ጥርሱ ላይ ተጠምዝዛ የምትጠብቅ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። እሷ ከወለቀች በእግርሽ ብትረግጪ አየር ነው የምትረግጪው። አዲሱ ሞተር ከድሮው ይሰፋ ስለነበር ለማስገባት ዘንጉን መፍታት ነበረብኝ። የፊቱ ፍሬን ደግሞ አይሠራም፤ ገመዱን ለሌላ ሞተር ሳይክል ወስጄው፣ በሳምንቱ ሌላ አደርግልሃለሁ ብዬው ነበር። ልጁም እሺ አለኝ። ኤሱማ ካለ አለ ነው ለእሱ። ከአባቱ ዘመዶች ኦሮምኛውን ከለመደ ጀምሮ አጎቴ ብሎኝ አያውቅም፤ ኤሱማ ነው የሚለኝ።

አዛን ሲል ዘንጉን መልሼ ዳዶዋን በጣቴ እያዞርኩ ነበር። ማጥበቂያ ቁልፉ እግሬ ሥር ነበር። በቁልፍ ሁለት ዙር፣ ቢበዛ ሦስት፣ ይኼው ነበር የቀረኝ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ጀርባዬ ተቆርጧል፣ ፊጥርን ማፍጠን ደግሞ ሱና ነው። ከሰላት በኋላ አጠብቃታለሁ ብዬ ተነሣሁ። እጄን ታጥቤ ቴምሬን አፌ ውስጥ እንዳደረግኩ ቶፊቅ መጣ። ከበሩ ላይ ሆኖ ኤሱማ አለቀ ወይ ሲለኝ አልቋል አልኩት። አንድ ቃል። ቴምሩን እንኳ ሳልውጥ አስነሥቶ ይዞት ሄደ።

ያላስታወስኩ እንዳይመስልሽ። ብረሳው ኖሮ መርሳት የሰው ነው ብዬ እጽናና ነበር። ማታ ተራዊህ ስንሰግድ፣ ሱጁድ ወርጄ ሳለሁ፣ ዳዶዋ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሌሊት ሱሑር በልቼ እደውልለታለሁ፣ አሁን ደክሞት ይሆናል አልኩ። ከሱሑር በኋላ እንቅልፍ ጣለኝ። እሱ የሰንበቴ የእሁድ ገበያ እንዳያመልጠው በማለዳ ጭኖ ወጣ።

ሌላውን ታውቂዋለሽ። ሰንበቴ ሊገባ ሲል ያ ባጃጅ ፊቱ ወደ ግራ ታጠፈና ተጋጩ። ልጁ ደሴ ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆየልሽ። ፍሬን ረግጬ ነበር እማ፣ ረግጬ ነበር አለሽ። ያንን ቃል ይዘሽ ነው እስከ ዛሬ የምትከራከሪው። ሹፌሩ፣ ዘይኑ፣ ደግሞ ለፖሊስም ለሽማግሌም አንድ ነገር ነው የሚለው፤ ምልክት አሳይቼ ቀስ ብዬ ነው የታጠፍኩት፣ ልጁ ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ፣ እየጮኸ መጣብኝ፣ ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም ይላል። አንቺ በልጄ ላይ ይዋሻል ብለሽ መሬት ደበደብሽ። እታለም፣ ልጁ እውነቱን ነው። ረግጧል። ዘይኑም እውነቱን ነው። ቶፊቅ የጮኸው ዞር በልልኝ፣ ፍሬን የለኝም ለማለት ነበር። ሁለቱም እውነት ተናግረው የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እንዴት እንደዋሸሁ ደግሞ ልጻፈው፣ አንዴ ከጀመርኩ።

የተሰባበረውን ሞተር ሳይክል በአደራ ወደ እኔ ግቢ ያመጡት ሐሙስ ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ የእኛም የእነዘይኑም ወገን፣ ቅዳሜ መጥተን ፍሬኑን በዓይናችን እናያለን አሉ። እንዳመጡት ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዘንጉ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ባዶ ነው። ጥርሱ አልተላጠም፣ አልተሰበረም፤ ዳዶዋ እየተፈታች እየተፈታች ሄዳ ወድቃለች። ሌላ ሰው ቢያየው አይገባውም። እኔ ግን አየሁት።

ዓርብ ሰው ሁሉ ጁምዓ ሲሄድ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። አንድ የትምህርት ቤት መምህር ላሠራው ብሎ ያስቀመጠው ተመሳሳይ ሞተር ሳይክል ነበር። የእሱን ዘንግ ከነዳዶው ፈታሁና ለቶፊቅ ገጠምኩት። በቁልፍ አጠበቅኩት፣ እታለም። ያን ቀን በደንብ አጠበቅኩት። ከመስጊዱ የኹጥባው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አዲስ እንዳይመስል ጭቃና ዘይት ቀባሁት። እንጀራዬ ይኼው አይደል? የአንዱን ነቅሎ ለሌላው መትከል። ያን ቀን ግን የራሴን ጥፋት ነቅዬ በሰው ላይ ነው የተከልኩት። መምህሩ እስከ ትናንት በእግሩ ሲሄድ ኖረ፤ ሲጠይቀኝ ዕቃው ጠፋ እለው ነበር።

ቅዳሜ መጡ። ሼህ ሙሀመድኑር የኋላውን ጎማ አዙረው በእጃቸው መርገጫውን ጫን አደረጉት፣ ጎማው ቀጥ አለ። የፊቱን ፍሬን የጠየቀ የለም፣ በግጭቱ የተበጠሰ መስሏቸዋል። የሟች አጎት መሆንህን እናውቃለን፣ ግን በዚህ ከተማ ስለ ሞተር ከአንተ በላይ የሚታመን የለም፣ አላህን ፍራና ንገረን አሉኝ። ወላሂ ፍሬኑ ደህና ነው አልኩ። የእነዘይኑ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ። ቃሌን ፖሊስም ጻፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን መሐላ ከአፌ አላወጣሁም፤ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ እንኳ እንዳልክ ብዬ እተወዋለሁ።

ለምን ትይኛለሽ። እስር ፈርቼ አይደለም ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ፈርቻለሁ። ከዚያ በላይ ግን የአንቺን ዓይን ነው የፈራሁት። ለቅሶው ላይ አንገቴን አቅፈሽ ወንድሜ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር ስትይ፣ በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው አንቺ ነሽ አልኩ በሆዴ። ያበላሽኝን ሁሉ በልቼ፣ ያነጠፍሽልኝ ላይ ተኝቼ መጣሁ። ዘይኑ ከታሰረ ይኸው ስምንተኛ ወሩ ነው። በረመዳን ገባ፣ አረፋ እዚያው አለፈው። ሽማግሌ ሁለቴ ባቲ ድረስ መጥቶ ለዕርቅ ሲለምንሽ የልጄን ገዳይ አልምርም ብለሽ መለስሽ። በአንቺ አልፈርድም። አንቺ የምታውቂው እኔ የነገርኩሽን ነው።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ደሴ እያለን አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ኤሱማ ሞተሩ ግሩም ነው፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የወጣልኝ አለኝ። ስለ ፍሬኑ ለእኔ አንድም ቃል አላነሣም። አንቺ ስትገቢ እማን አደራ ብሎኝ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ደንዝዤ እሺ አልኩት። ይኼን ነገር ቀን ከሌት ሳመነዥገው ከሰውነት ተራ ወጣሁ፤ ብታዪኝ አታውቂኝም።

ባለፈው ረቡዕ አንዲት ሴት መጣች። ከአንድ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ጋር ስታገል ከደጅ ቆማ አሰላሙ ዐለይኩም አለች። ሳሚያ እባላለሁ፣ የዘይኑ ባለቤት ነኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ፣ ስድቧን ስጠብቅ ነበር፤ ብትሰድበኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አልተሳደበችም። ከሰንበቴ ወደ እስር ቤቱ በየቀኑ ስንቅ እያመላለሰች እግሯ አብጧል። የሟች እናት የወንድሟን ቃል ብቻ ነው የምትሰማው ብለው ነግረዋት ነው የመጣችው። አንተም ሐዘንተኛ ነህ፣ በሐዘንህ ላይ ማስቸገሬ ነው፣ ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ አለች። እኔን አውፍ በለኝ አለችኝ፣ እታለም። ለእህትህ አንድ ቃል ጻፍልኝ፣ እኔው ወስጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ አለችኝ። ሰኞ በጠዋት ነይና ውሰጂ አልኳት።

ያቺን ባዶ ዘንግ አልጣልኳትም። ልጥላት ብዬ ቦርከና ድረስ ወስጃት ተመልሻለሁ። አሁን በጨርቅ ጠቅልያት እዚሁ አጠገቤ ናት። የመምህሩንም ዘንግ ትናንት ፈትቼ መለስኩለት። የሰው ሞተር ሳይክል ግቢዬ ውስጥ አልቀረም፤ ያለቀውን አስረክቤ ያላለቀውን ሌላ ባለሙያ ጋ አድርሻለሁ። የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤቴ ለመሪየም እሰጣታለሁ፤ ዶሮዎቹን እሷ ታያቸዋለች። ሰኞ ሳሚያ ወደ ባቲ ስትሳፈር እኔም ዘንጓን ይዤ ወደ ሰንበቴ በሚሄደው እሳፈራለሁ፣ ቃሌን ወደ ጻፈው ፖሊስ። ከሰኞ በኋላ ብትደውይ ስልኬ አይነሣም፤ ምን ሆነ ብለሽ አትደንግጪ። ሽማግሌ እንዳትልኪልኝ። ስንቅም እንዳትልኪልኝ። ምናልባት እንዲህ ማለቴ ራሱ ድፍረት ይሆናል።

አላህ ቶፊቅን በጀነቱ ያኑርልሽ። ሙናን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ዓይንሽ በእሷ ይረፍ። ጤናሽን ይመልስልሽ፣ የቀረውን ዘመንሽን ከእኔ እጅ ያገኘሽውን አይነት አያሳይሽ። ለእኔ ዱዓ አድርጊልኝ አልልም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ አፌም አይሞላልኝም። 

የምለምንሽ ለዚች ሴት ነው። ወረቀቱን የሰጠችሽ እሷ ናት። ማንበብ አትችልም። ለባሏ ምሕረት የጠየቅኩላት ነው የሚመስላት፤ ባሏ ምሕረት የሚጠየቅለት ነገር አለመሥራቱን ከእኔ አልሰማችም፣ መናገር አቃተኝ። አንቺ ንገሪያት። ከመንገድ ነው የመጣችው፣ አስቀምጫት፣ ውኃ ስጫት። ይኼን ስታነቢ ደጅሽ ላይ ቆማ ፊት ፊትሽን እያየችሽ ነው። እባክሽ እታለም፣ ቀና ብለሽ አንድ ነገር በያት፤ ፊትሽ ሲለወጥ አይታ እምቢ ያልሻት እንዳይመስላት።

የእናትሽ ልጅ፣
ወንድምሽ
ከሚሴ