ሶላራችን መልኩ አላማረም ላሉት ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ፎልክማር ድሬሰን
የ«ፀሐይ ብርሃን» የአትክልት ቦታ ባለይዞታዎች ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለወይዘሮ ኢልዜ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ የቁጥቋጦ አጥርዎም እንደወትሮው በማስመሪያ የተከረከመ መስሎ እንደሚገኝ አልጠራጠርም። እኔና ባለቤቴ ሄኒንግ እስከ ዛሬ ጠዋት ደህና ነበርን።

ዛሬ ጠዋት ግን «በታፕከኖች ጎጆ ግድግዳ ላይ የቆመው የተሰባበረ ሶላር የማኅበሩን ገጽታ ስለሚያበላሽ፣ የውበት ውድድሩ ዳኞች ቅዳሜ ከመምጣታቸው በፊት ይነሳ» የሚለውን ማሳሰቢያዎን አነበብኩ። ሁሉም አባል እንዲያየው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፍዎ ትልቅ ደግነት ስለሆነ፣ እኔም ምላሼን እዚያው ከጎኑ ለጥፌልዎታለሁ።

1ኛ/ በቅድሚያ ስለ አሰባበሩ ላመስግንዎ። በማኅበራችን የቀትር ጸጥታ ሰዓት ከገባ በኋላ ማሽን ማስጮኽ ነውር ነው፤ እርስዎም ሕግ አክባሪ በመሆንዎ፣ ሰዓቱ ሳይገባ ለመጨረስ የሣር ማጨጃዎን እንደ እሽቅድምድም መኪና እያበረሩ በአጥራችን ጥግ ሲያልፉ፣ ድንጋይ አስፈንጥረው መስታወቱን አደቀቁት። ሄኒንግ «አንተ ፎልክማር! ሶላሩን ገደልከው እኮ!» ብሎ ሲጮህ፣ «ኧረ ቀስ በል፣ የጸጥታ ሰዓት ገብቷል!» ብለው በጣትዎ ዝም አሰኙት። እንዲህ ያለ ለሕግ መገዛት በዕድሜዬ አላየሁም።

2ኛ/ «የሴትዮዋ የጓዳ ጥገና» ብለው ለኮሚቴው ስላወሩልኝም አመሰግናለሁ። የደቀቀው መስታወቱ እንጂ ከሥሩ ያለው ኃይል ሰጪ ክፍል አልነበረም። ስለዚህ ሶላሩን መብራት ወዳለበት አፓርታማችን ወስጄ፣ ስንጥቁን አጽድቼና በደንብ አድርቄ፣ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ በውሃ ልክ አስተካክዬ አጋደምኩት፤ ከዚያም እንደ ማር የሚፈስ፣ ሲደርቅ ግን እንደ መስታወት የሚጠነክር ጥርት ያለ ሙጫ አፈሰስኩበትና አረፋውን በፀጉር ማድረቂያ አባረርኩ። አንዲት ዝንብ ውስጡ ቀርታለች። መዝገብ አገላብጬ አይቻለሁ፣ የማኅበሩ አባል አልነበረችም።

መልኩ በረዶ የያዘው የመኪና መስታወት እንደሚመስል አልክድም። ከድሮው ትንሽ ቢቀንስም ግን ይሠራል። እርስዎ በአጥሩ ላይ አንገትዎን አስግገው «ጉድሩን፣ ይሄን ቆሻሻ ጥለሽ አዲስ ግዢ እንጂ!» ያሉኝ፣ በዚሁ ሶላር በምትሠራው ፍሪጃችን የቀዘቀዘ ጣሳ ሙሉ ቢራ ይዘው ነበር።

3ኛውን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ብዙ ሞከርኩ፤ ተናድጃለሁና አልሆነልኝም። አትክልት ቦታችን የመብራት መስመር እንደሌለው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ያ ሶላር የሚያሠራው አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ነው፤ ፍሪጅዋ ውስጥ ያለው ደግሞ የሄኒንግ ኢንሱሊን ነው። በዚህ ሙቀት ጎጇችን ምድጃ ስለሆነች፣ ፍሪጅዋ ከጠፋች መድኃኒቱ ይበላሻል። መድኃኒቱ ከሌለ ሄኒንግ አሳንሰር ወደሌለው ሕንፃችን አራተኛ ፎቅ ይመለሳል፤ በዚያ በታመመ እግሩ አንዴ ከወጣ ደግሞ አይወርድም። በጋውን በሙሉ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል ማለት ነው። ዳኞቹ ይህን ሲሰሙ ስንት ነጥብ እንደሚሰጡዎት ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

ለማኅበራችን ውበት ሌት ተቀን የሚጨነቀው ልብዎ ለሰውም ጥቂት ቦታ እንዲተርፈው ከልብ እየተመኘሁ፣ ስለ ውድ ጊዜዎም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

አክባሪዎና የአጥር ጎረቤትዎ
ጉድሩን ታፕከን

ማስታወሻ፦ ሶላሩን አላነሳም። ቅዳሜ ሄኒንግ ወንበሩን እሱ ላይ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሶላሩን ለማንሳት መጀመሪያ ሰውየውን ማንሳት ይኖርብዎታል። እኔ ብቻዬን ስለማልችለው ግራ ክንዱን እርስዎ ይይዙልኛል። አያያዙ ከጠፋብዎት እሱን ይጠይቁት፤ የማኅበሩን አዳራሽ ጣሪያ ስትሠሩ ወገብዎን ይዞዎት መውረድ ያቃተዎት ዕለት፣ እግሩ ደህና ሳለ በጀርባው አዝሎ በመሰላል ያወረደዎት እሱ ነው።